የጨው ውሃ ሣር

ሱሀይላ ለሱብሒ ሶላት ውዱእ ልታደርግ ከመኝታ ክፍሏ ስትወጣ፣ እናቷ ጁስ ቤቱ ውስጥ በጨለማ ቆማ ከሰው ጋር ስታወራ ሰማቻት። «አሰላሙ ዐለይከ። እንዴት አደርክልኝ? ብርዱ አልጎዳህም?» ትላለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ የተኛ እንግዳ ቀስቅሳ እንደምታናግር ሰው። ሱሀይላ የውሃ ጆጓን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጁስ ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ እንደተገለበጡ፣ የብረት በሩም እንደተዘጋ ነው፤ ያለው በግድግዳው ልክ የተዘረጋው የመስታወት ገንዳና በውስጡ የሚንተከተከው የጨው ውሃ ብቻ ነው። እናቷ ዘይነባ ግንባሯን ከመስታወቱ አስጠጋች፤ መልስ የምትጠብቅ ትመስላለች። መልሱን ታግኘው አታግኘው እንጃ፣ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሻሿን አስተካክላ በጓሮ በር ወጣች። ሱሀይላ ፈራች። እናቴ አበደች ብላ ፈራች፤ ከዚያ ደግሞ፣ ለሰው የሚነገር አይደለም እንጂ፣ ቀናችባት።

ዘይነባ የምታናግረው ማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። አዩብን ነው። የቤቱ የመጨረሻ ልጅ አዩብ፣ ሁለት ክረምት አለፈው፣ እህቱ ሱሀይላ ያኔ ወደምትሠራበት ወደ ጅዳ ልሻገር ብሎ በጅቡቲ በኩል ጀልባ ላይ ወጣ፤ ጀልባዋ ተገለበጠች። ይህን የነገራቸው ከዚያች ጀልባ የተረፈ አንድ የጎረቤት ወረዳ የወግዲ ልጅ ነው፤ አዩብን ውሃ ሲወስደው በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ምሎላቸዋል። ሬሳ ግን አልተገኘም። ሬሳ ያላየች እናት ደግሞ እርሟን አታወጣም። ታላቁ ልጇ መሐሙድ፣ ሬሳው ለሌለ ሟች የሚሰገደው ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለት ባለ ቁጥር «ገና ነው» ትለዋለች፤ ለምን ገና እንደሆነ አትናገርም። ሰፈሩ ሁሉ፣ ዘይነባ ልጄ ይመጣል ብላ በር በሩን ታያለች እያለ ያዝንላታል። ሱሀይላም ከጅዳ ከተመለሰች ጀምሮ፣ እናቷ «ገና ነው» ባለች ቁጥር አንገቷን ደፍታ ዝም ነው። መሐሙድ ዝምታዋን ለእናቷ ከማዘን ቆጠረው። እሷ ግን በልቧ «እውነቷን ነው፣ ገና ነው» ትል ነበር።

ሱሀይላ ጅዳ ስትኖር፣ ከሠራችበት ቤት የወደደችው ነገር ቢኖር የጌታው የባሕር ዓሣ ገንዳ ነው። በዚያ ቤት የማይጮኹባት ዓሣዎቹ ብቻ ነበሩና፣ ማጠቡንም ማብላቱንም እሷ ተማረችው። አገሯ ስትገባ መካነ ሰላም ዋናው መንገድ ላይ፣ ከቤታቸው ፊት ለፊት ባለው ክፍል ጁስ ቤት ከፈተችና እንደዚያው ያለ ገንዳ ከአዲስ አበባ አስመጣች። ጨው በባልዲ፣ ዓሣዎቹ በኦክስጅን በተነፋ ፌስታል፣ በሚኒባስ የደጋውን የአቀስታ ብርድ አልፈው መጡ። ከተማው ጉድ አለ። የዓባይን ዓሣ ጠብሶ መብላት የለመደ ሰው፣ ብርቱካናማና ቢጫ ዓሣ በመብራት ሲታይ «ይሄ መቼ ነው የሚጠበሰው?» ሳይል አያልፍም። ማየቱ በነፃ ነው፣ አቮካዶው ሰማንያ ብር ነው፤ ለማየት የገባ ግን ሳይጠጣ መውጣት ስለሚያፍር፣ ቤቱ ደህና ሥራ ነበረው።

አሁን ግን የገባውም አይቀመጥም። ሱሀይላ ሰግዳ ተመልሳ መብራቱን ስታበራ አረንጓዴው እንደገና መጥቶ ጠበቃት። ትናንት ከሰዓት በኋላ መስታወቱን በምላጭ ፍቃ፣ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አውጥታ በጥርስ ብሩሽ ፈትጋ፣ ውሃው ጥርት ብሎ ነበር ያደረው። ዛሬ ድንጋዮቹ ፀጉር አብቅለዋል። ትምህርት ቤት እያለች መምህሩ «ዋቅላሚ» ይለው የነበረው ያ ለጋ አረንጓዴ ነገር፣ ክር ክር ሆኖ በውሃው እንቅስቃሴ ወዲያና ወዲህ ይላል። ከመስታወቱም ገሚሱን ሸፍኖታል። ያላደረገችው የለም። መብራት ቀነሰች፣ መጋረጃ ሰቀለች፣ ውሃ ቀየረች። አንድ ሰሞን ብርሃን ካጣ ይሞታል ተብላ ገንዳውን በጥቁር ጨርቅ ብትሸፍነው፣ ደንበኞች ከበሩ ላይ «ማን ሞተባችሁ?» እያሉ ተመለሱባት፤ እናቷም ያን ቀን ከክፍሏ አልወጣችም። ይባስ ብሎ ሰሞኑን ዓሣዎቹ ታመሙ። ቢጫው ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ከውሃው በላይ እየከፈተ ይዘጋል። ወረፋ እንደያዘ ሰው አንዱ ሲወርድ ሌላው ይወጣል። ሱሀይላ እነዚህ ዓሣዎች ከሞቱ ሌላ የማምጣት አቅሙም ልቡም እንደሌላት ታውቃለች።

ምላጯን ከማንሳቷ በፊት የየቀን ሥራዋን ሠራች፤ ስልኳን ወደ አፏ አስጠግታ ለአዩብ የድምፅ መልእክት ላከችለት። አረንጓዴው ዛሬም እንደተመለሰ፣ ቢጫው ዓሣ እንደታመመ፣ ሲመጣ ያየዋል ብላ የምትጓጓለትን ነገር ሁሉ ነገረችው። ከመልእክቱ ጎን መላኩን የምትነግር አንዲት ምልክት ብቻ ወጣች፤ ያለፉት ሁሉ ጎን እንዳለችው፣ መድረሱን የምትነግረው ሁለተኛዋ ሳትመጣ። ከእነዚያ ሁሉ በላይ፣ ወደኋላ ብዙ ከሄዱ፣ እሱ ከባሕሩ ዳር የላከላት የመጨረሻው ድምፅ አለ። «ሱሀይላ፣ አብሽሪ፤ ባሕሩ ተኝቷል» ይላል፤ ከጀርባው ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማል። ቀን ሰው ስላለ ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ታዳምጠዋለች። ማታ ማታ ደግሞ ወደ ስልኩ ትደውላለች፤ ቁጥሩ እንደተዘጋ የምትናገረዋን ሴት እስከ መጨረሻው ትሰማታለች። ይህን ማንም አያውቅም ብላ ነው የምታስበው፤ የክፍሏ ግድግዳ ድምፅ የሚያሳልፍ ስስ ኮምፖልሳቶ መሆኑን ረስታ።

መሐሙድ ረፋዱ ላይ መጣ። ሱቁን ለሰው ትቶ ከመጣ ቁም ነገር አለ ማለት ነው። ወንበር ስባ ሰጠችው፤ አልተቀመጠም። ገንዳውን አይቶ በረኪና ጨምሪበትና ይለይለት አላት፤ እሷም፣ ያኔ ዓሣዎቹም አብረው ይለይላቸዋል አለችው። ፈገግ ሊል ብሎ ተወው። ከዚያ የመጣበትን ነገረ። ዛሬ አመሻሹ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ሸህ ጀብሪል ከጥቂት የመስጊድ ጀመዓ ጋር እቤት ይመጣሉ፤ ለአዩብ ግቢው ውስጥ ይሰገድለታል። እናታቸው እሺ ብትል ደስ ይለዋል፤ ባትልም ልጁ ሐቁን ማግኘት አለበት፤ የሞተ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይሰገድለት መቅረቱ ለእሱ እንቅልፍ ነስቶታል። «በሽማግሌ ፊት እንዳታሳፍረኝ አንቺ ንገሪያት» አላት፤ «አንቺን ትሰማለች።» ሱሀይላ ምላጯን ታገላብጥ ጀመር። እሱም ወደ መንገዱ ዞረ። የአዩብን ስም ካነሱ በኋላ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው፤ አንዱ ሌላውን ሳያይ ይቆማሉ፤ ማን ቀድሞ ሌላ ወሬ እንደሚያነሳ ይጠባበቃሉ። መሐሙድ ስለ ስኳር መወደድ አንድ ሁለት ቃል ተናግሮ ሄደ።

ዓሣዎቹን የሸጠላት አዲስ አበባ ያለ ንጉሡ የሚባል ነጋዴ ነው። ሱሀይላ ደውላ የተመለሰውን አረንጓዴና የሚያለከልከውን ቢጫ ዓሣ ነገረችው። ንጉሡ ቀልድ የሚወድ ሰው ነው፤ ይህን ጊዜ ግን ሳይቀልድ ብዙ ጠየቃት። ስንት ጊዜ ታበላቸዋለች? በቁንጥር፣ በቀን አንዴ። የቀረ ምግብ ታወጣለች? ታወጣለች። ከዚያ «ስሚኝማ» አላት፤ «አረንጓዴው በሽታ አይደለም፣ ጥጋብ ነው። የተረፈ ምግብ ካላገኘ በአንድ ሌሊት እንዲህ አያድግም። አንቺ ባታውቂም አንድ ሰው እያበላው ነው።» ሱሀይላ ተቆጣች። ቤቱ የእኔ ነው፣ ቁልፉ ከእኔ ጋር ነው፣ ማን ገብቶ ያበላል አለችው፤ ጠዋት እናቷን እዚያ ማየቷን ከዚህ ጋር አላገናኘችውም። ንጉሡ እኔ ምን አውቃለሁ ብሎ፣ ይህ ካልቆመ ዓሣዎቹ ሳምንቱን እንደማያልፉ ነግሯት ዘጋ።

ዓባይነሽ አጠገባቸው ልብስ የምትሰፋ ጎረቤት ናት። ሁልጊዜ ከቀትር በፊት መጥታ ማንጎ ትጠጣለች፤ ፆም ሲሆን ደግሞ ማንጎው እንዲበዛ ታዛለች። ሱሀይላ ንጉሡ ያለውን ስትነግራት ሳቀች። «ተይ ሱሀይላዬ፣ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» አለቻት። ይህን ብላ ብርጭቆዋን ሳትጨርስ መብራት ጠፋ። መካነ ሰላም ላይ መብራት መጥፋት ወሬ አይደለም፤ ለገንዳው ግን ፓምፑ ቆመ፣ አረፋው ቆመ ማለት ነው። ሱሀይላ ውሃው አየር እንዲያገኝ በጆግ እየቀዳች ከከፍታ መልሳ ታፈስሰው ጀመር። እጇ ሲደክም ቆም አለች። የማይነቃነቅ ውሃ ሽታውን ያወጣል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው፤ እንደገና አሸተተችው። የጨውና የዓሣ ሽታ መስሏት ነበር፤ የሸተታት ግን የተቆላ ገብስ ነው። እጅጌዋን ሰብስባ ከድንጋዮቹ ስር፣ ሣሩ ጥቅጥቅ ካለበት፣ እጇን ሰደደች። መዳፏ ውስጥ ቡናማ ሊጥ ይዛ ወጣች። በሶ ነው። መንገድ የሚሄድ ሰው የሚሰነቅለት፣ አዩብም በሄደበት ሌሊት በከረጢት የተቋጠረለት በሶ። ዓባይነሽ አየችው፣ አወቀችው። ብርጭቆዋን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ሱሀይላ እጇን ሳትታጠብ ወደ ጓሮ ሄደች። እናቷ ዙሁርን ሰግዳ መስገጃዋ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ልትቆጣ ነበር የሄደችው፤ ስታያት ቁጣው ጠፋባት። አጠገቧ ቁጭ አለችና መዳፏን ዘረጋችላት።

«እማ፣ ይሄን ለዓሣዎቹ የምትሰጪ አንቺ ነሽ?»

ዘይነባ አልደነገጠችም። «ለዓሣ አይደለም» አለች፤ «ሰደቃ ነው። የአዩብ ሰደቃ ነው የማወጣ።»

«የሕያው ሰው ሰደቃ ነው?» አለች ሱሀይላ፤ የምትፈራውን መልስ እንዳትሰማ ራሷ እየቀደመች።

እናቷ አየቻት። ሱሀይላ ያን አስተያየት አልረሳችውም፤ ለታመመ ልጅ የሚደረግ አስተያየት ነበር። ከዚያ ዘይነባ ቀስ ብላ ነገረቻት። ገንዳው የመጣ ዕለት ሱሀይላ ጨውን በባልዲ ስትበጠብጥ፣ ከየት የመጣ ጨው ነው ብላ ጠይቃት ነበር፤ ሱሀይላም ሻጩ ከቀይ ባሕር የወጣ ነው ብሎኛል ብላ እንደዋዛ መልሳላታለች። ያን ዕለት ዘይነባ ውሃውን በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። ልጇ የጠጣው ይህን እንደሆነ አወቀች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሳይነሳ እየገባች ሰላም ትለዋለች፤ መቃብር የሚዘይር ሰው ለሙታን ሰላምታ እንደሚሰጠው። ሐሙስ ሐሙስ ይበቃኛል ብላ የጀመረችውን በሶ፣ አሁን በየቀኑ ትጨምራለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ድንጋዮቹ ሣር አብቅለው አየች።

«ደስ ብሎኝ አለቀስሁ» አለች። «መቃብሩ ሣር አወጣ ብዬ። እርጥብ ነገር መቃብር ላይ እስካለ ድረስ አላህን እያወደሰ ለሟቹ ተስቢህ ያደርግለታል። አባታችሁ ራስጌ እሬት የተከልን ለምን መስሎሽ? አንቺ ግን በየቀኑ ትፍቂዋለሽ። አንቺ ስትፍቂ እኔ ደሞ አበላዋለሁ።»

ሱሀይላ የእናቷን ቃል አንድ በአንድ ሰማች፤ ትርጉሙ ግን ዘግይቶ ነው የደረሳት። መቃብር። ሟች። ይህች በር በሩን ታያለች የተባለች ሴት በርም አታይ፣ ማንንም አትጠብቅ። እርሟን አውጥታ፣ ልጇን ቀብራ፣ መቃብሩን ስትንከባከብ ነው የከረመችው። ሱሀይላ፣ እናቷ ልጇን ቀብራ እሷ ሳትቀብረው ብቻዋን እንደቀረች ገባትና ተናደደች። አዎ፣ በእናቷ ተናደደች።

«ታዲያ መሐሙድ ይሰገድለት ሲል ለምንድን ነው ገና ነው የምትይ? መሞቱን ካወቅሽ ለምን ከለከልሽው?»

ዘይነባ የመስገጃዋን ጫፍ ታጠቀልል፣ ትተረትር ጀመር። ውጭ መብራት መጥቶ ኖሮ ፓምፑ ተነሳ፤ የውሃው ድምፅ እስከ ጓሮ ይሰማል።

«ማታ ማታ ስትደውይለት እሰማለሁ» አለች። «ጠዋት ስታወሪለትም እሰማለሁ። ልጄ እየጠበቀችው እኔ እንዴት አድርጌ ላሰግድበት? ከነሕይወቱ ቀበረችብኝ ትይኛለሽ። እኔስ ቀብሬዋለሁ። አንቺን ነበር የምጠብቅ።»

ሱሀይላ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ልቅሶ ነው። ሁለት ክረምት ያላለቀሰችውን አለቀሰችው። በበሶ የተበከለ እጇን ከፊቷ አርቃ ይዛ፣ በሌላው የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ አለቀሰች። ዘይነባ ዝም በይ አላለቻትም። ልቅሶው ሲበርድላት ሱሀይላ የቀረውን አንድ ነገር ነገረቻት፤ በሶው ውሃውን አበላሽቶ ዓሣዎቹን እየገደላቸው ነው። አሁን የደነገጠችው ዘይነባ ናት። ተነስታ ጁስ ቤቱ ድረስ ሄደች፤ አፉን እየከፈተ የሚዘጋውን ቢጫ ዓሣ ቆማ አየችው። የዱንያ ሰው ሁሉ ቢነግራት አታምንም ነበር፤ አየር የሚያጣ ነፍስ ምን እንደሚመስል ግን ሳታየው ስታስበው የኖረች እናት ናት። «አስተግፊሩላህ» አለች፤ «ሰደቃ ነፍስ አያጠፋም።» ወደ ጓዳ ገብታ የበሶ ዕቃውን እንዳለ አወጣች። ቅቤና ጨው ጨምራ አሸችው፤ ጭብጦ እያደረገች ትሪ ሙሉ ደረደረችው። ለማን እንደሆነ ሱሀይላ አልጠየቀቻትም። ስልኳን አንስታ ለመሐሙድ ደወለችና ሸህ ጀብሪል ይምጡ አለችው፤ እማን አሳመንሻት ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ መልሱ ረጅም ስለሆነባት አዎ ብላ ዘጋች።

ከዐስር በኋላ መጡ። ሸህ ጀብሪል፣ መሐሙድ፣ ከመስጊድ የተከተሏቸው ጥቂት ሽማግሌዎች፣ ከአዩብ ጋር ኳስ ይጫወቱ የነበሩ ሁለት ሦስት ጎረምሶች። ግቢው ውስጥ የማዳበሪያ ጆንያ ተነጥፎ፣ በላዩ ምንጣፍ ተደርቦ ጠበቃቸው። ወንዶቹ ከፊት ተሰለፉ። ዘይነባና ሱሀይላ ከኋላ ቆሙ። ዓባይነሽ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች መጥታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ጥግ ቆመች። ወንዶቹ የቆሙበት አቅጣጫ የጁስ ቤቱ የኋላ መስኮት ያለበት ነው፤ በመስኮቱ ውስጥ ገንዳው ይታያል። ያን ዕለት ሱሀይላ አልፈቀችውም ነበር፤ ሣሩ በመብራቱ ሥር ወዲያና ወዲህ ይላል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምንድን ነው ብሎ ጎንበስ ብሎ አየና ትቶት ተሰለፈ። ሸህ ጀብሪል ከመጀመራቸው በፊት ዞር ብለው የሟቹን ስም ጠየቁ። ያውቁታል፤ ልጅ ሳለ ቁርኣን ያስቀሩት ራሳቸው ናቸው፤ ግን የሚሰገድለት ሰው ስሙ በቤተሰቡ አፍ ይጠራል። መሐሙድ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ሱሀይላ ከኋላ ቀደመችው።

«አዩብ ሰዒድ» አለች። «ወንድሜ ነው።»

ሸህ ጀብሪል «አላሁ አክበር» አሉ። ሱሀይላ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈች። ጀናዛ የወንዶች ነውና በዕድሜዋ በሬሳ ላይ ሰግዳ አታውቅም፤ ከሥርዓቱ የምታውቀው ዱዓውን ብቻ ነው፣ እሱንም ልጅ ሳለች በመድረሳ ሲነበብ ሰምታ። ሁለተኛው ተክቢራ መጣ፤ ሦስተኛው መጣ። ለወንድሟ ዱዓ አደረገች። ለሕያው ሳይሆን ለሙት የሚደረገውን ዱዓ፣ መጀመሪያ አንደበቷ እየተሳሰረ፣ ኋላ እየተፈታ አደረገችው። በልቧ ግን አንድ ነገር እየጠበቀች ነበር። ጎንበስ የሚባልበትን፣ ከዚያ በሱጁድ ግንባር መሬት የሚነካበትን ሰዓት ትጠብቃለች፤ እዚያ ስትደርስ፣ ፊቷ ምንጣፉ ላይ ሲሆን፣ የቀረባትን ሁሉ እዚያ ልታራግፈው። አራተኛው ተክቢራ መጣ። ሸህ ጀብሪል ወደ ቀኝ ዞረው የመዝጊያውን ሰላምታ አሰላመቱ። ሰዎቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ መሐሙድ ዓይኑን በመዳፉ ጠራረገ፤ ትሪው ዞረ፤ ጎረምሶቹ ጭብጦውን እየተቀበሉ «አላህ ይቀበለው» አሉ። ሱሀይላ እጆቿን እንዳጣጠፈች ቆማ ቀረች።

ዘይነባ ክንዷን ያዘቻት። «አለቀ ልጄ» አለች።

«ሱጁዱስ?»

«ይሄ ሶላት ሱጁድ የለውም» አለቻት እናቷ። «ቆመሽ ነው የምትሸኚው።»